ለጀርባው የተነገረ

"ዓይንዎን እንደጨፈኑ፣ አባቴ፤ ሲሰማዎት እጅዎን ያንሡ" ብላ ሐኪሟ በግንበኛው ግራ ጆሮ አጠገብ ጣቶቿን አፋተገች። እጁ ጭኑ ላይ እንደተጋደመ ቀረ።

"አንሣ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!" አለች ሚስቱ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ትዕግሥቷን ሁሉ ለመርፌ ነው የሰጠችው።

"ምን ሰምቼ?" አለ።

ሐኪሟ የጭንቅላቱን ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታ ሽንብራ የምታክል ነጭ ነገር አሳየቻቸው። "ዕጢ ነው፤ ግን ካንሰር አይደለም፤ ወደ ሌላ ቦታም አይሄድም። ክፋቱ የበቀለበት ቦታ ነው፤ የግራ ጆሮዎ ነርቭ ላይ። ይህ ነርቭ ድምፅም ሚዛንም ወደ አንጎል የሚያደርስ ነው። ሥራ ላይ መወጣጫው ላይ የሚያንገዳግድዎትም እሱ ነው። ትንሽ ስለሆነ ለጊዜው አንነካውም፤ እየተከታተልን እናየዋለን።"

"ጆሮውስ?" አለች ሚስት።

"ግራው ሥራ ካቆመ ቆይቷል፤ ከዓመት በላይ ሳይሆነው አይቀርም። የጠፋው አይመለስም።"

ግንበኛው እፎይ አለ። እንዲያውም "እኔማ እርጅና ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር" ብሎ ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ ግን ዓመቱን ወደ ኋላ ቆጠረች።

ጀርባውን ሰጥቷት፣ ቀኝ ጆሮውን ትራሱ ውስጥ ቀብሮ ነው የሚተኛው። ከአባቷ ተጣልታ ከቤት የወጣችው ልጃቸው አምና "አባዬን ጠይቂልኝ፣ ልመለስ?" ብላ ስትደውል፣ እናት ፊት ለፊት መናገር ፈርታ ማታ መብራት አጥፍተው እስኪተኙ ጠበቀች። ለጀርባው ነገረችው። ዝም አለ። ሲቆጣ ዝም እንደሚል ታውቃለች፤ ስንት ዘመን ኖራበታለች። በማግሥቱ ለልጅቷ "እምቢ ብሏል" አለቻት። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ አልደወለችም። ምናለበት አንድ ጊዜ ደግማ ጠይቃው ቢሆን ኖሮ!

ኮሪደሩ ላይ በቀኙ ዞራ ሁሉንም ነገረችው።

ግንበኛው ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። "እኔኮ" አለ፣ "አንድ ቀን ልምጣ ትላለች እያልኩ ነበር የምጠብቀው።"

ስልኳን አውጥታ ደወለች።

"ጆሮው ታሞ ነው በያት" አለ ቀስ ብሎ። "ሐኪም ነው የነገረን በያት፤ ትረዳለች። ምን አስጨነቀሽ?"

"እማዬ?" የሚል ድምፅ ተሰማ። "ምን ሆናችሁ? አባዬ ደህና ነው?"

ግንበኛው እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም።

"ደህና ነው፤ አጠገቤ ነው" አለች። "ከእሱ በፊት ግን እኔን ስሚኝ፣ ልጄ። ያን ጊዜ እምቢ ያለሽ አባትሽ አይደለም። እኔ ነኝ።"