የሚሰበርበት ቦታ

ታላቅ ወንድሟ ድሮኑን በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ ያዘና ከአራቱ ክንዶች አንዱን በሁለት ጣቱ ጠምዘዝ አደረገው። ቀጭ አለ። ክንዱ እጁ ላይ ቀረ።

«ይኼ ነው እንዴ?» አለ።

«ጋሼ፣ የቀረኝ ጤነኛ ክንድ እሱ ብቻ ነበር።»

«ጤነኛ ቢሆን ይሰበር ነበር?»

ወንድሟ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች መልስ እንደሌላቸው ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ እያወቀች ግን በገዛ እግሯ የሱ ብየዳ ቤት መጥታ ቆማለች። ማንም አልጎተታትም።

እሷ ጥርስ ሠሪ ናት። ሐኪሞች የሕመምተኛውን አፍ ቅርጽ ይልኩላታል፣ እሷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ መብራት ሥር አጎንብሳ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ነገር ስትሞርድ ትውላለች። ድሮን ማብረር የጀመረችው ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ነው። «ምን ነካሽ?» ላሏት ሁሉ «ቀና ማለት አማረኝ» ስትል ትመልሳለች። እውነቷን ነው። ችግሩ፣ ማስነሳቱን ብትችልበትም ማሳረፉን ገና አልተካነችበትም፤ ድሮኑ መሬት በነካ ቁጥር አንድ የፕላስቲክ ክንድ ይሰበራል፣ መለዋወጫው ደግሞ ከውጭ አገር እስኪመጣ ወር ይፈጃል። ስለዚህ የብረት ክንድ እንዲሠራላት ወንድሟን ለመነችው።

ወንድሟ በርና አጥር ሠሪ ነው። ሰፈሩ «አይነቃነቅ» ይለዋል፤ ስድብም ሙገሳም ነው። እሱ የገጠመው በር ያለበት ቤት ግድግዳው ይፈርስ ይሆናል እንጂ በሩ ንቅንቅ አይልም። ባለቤቱ ራሱ በትከሻው ካልገፋው አይከፈትለትም። አባታቸው ሲሞት እሷ ገና ሕፃን ስለነበረች ያሳደጋት እሱ ነው፤ ያሳደጋትም በር በሚሠራበት አሠራር ነው።

«እስከ መጪው እሁድ ያስፈልገኛል» አለችው። እሷና የድሮን ማኅበሯ አባላት የሚያበሩት ጡብ ፋብሪካው ሜዳ ላይ ነው፤ ባለቤቱ ግማሹን ለመጋዘን ስለወሰደው ማኅበሩ ከአባላቱ ማሳረፍ የሚችሉበትን ብቻ ሊያስቀር ወስኗል። እሁድ ፈተና አለ። ሜዳው ላይ የተተከለውን ምሰሶ ዞሮ፣ አየር ላይ ቆሞ፣ መሬት ላይ የተሰመረው ክብ ውስጥ ያረፈ ይቀራል። ያላረፈ ይሰናበታል። ከተሰናበተች ከተማው ውስጥ ሌላ የምታበርበት ቦታ የላትም፤ ያው መብራቷ ሥር አጎንብሳ መቅረቷ ነው።

«እሁድ? ሐሙስ ባደርስልሽ አይሻልሽም ሚጢጢዬ?» አለ። ሃምሳ ሊሞላት ነው፣ እሱ ግን አሁንም ሚጢጢዬ ይላታል።

በሁለተኛው ቀን ጠራት። ክንዶቹን ለመስኮት ፍርግርግ ከሚጠቀምበት ከባድ የብረት ቱቦላሬ ሠርቷቸው፣ ራሱ ካዘጋጀው የብረት መሃል ጋር በይዷቸው፣ ጸረ ዝገት ቀይ ቀለም ቀብቷቸዋል።

«ዝሆን ይቁምበት» አለ።

«ዝሆን ማን አለው ጋሼ? መነሳት ነው ያለበት።»

ሞተሮቹን ገጥማ አስነሳች። ድሮኑ አጉረመረመ፣ የወለሉን የብረት ብናኝ ሁሉ አቦነነ፣ ሲሚንቶው ላይ ትንሽ ተንፏቆ ብረት የሚያስርበት የሞርሳው ጠረጴዛ እግር ሥር ቆመ። ከእጅ አይሻል ዶማ። ወንድሟ ግን ጥፋቱ የት እንዳለ ወዲያው ታየው።

«ሞተሩ ነው ደካማው። ትልቅ ሞተር ግጠሚለት።»

«ትልቅ ሞተር ትልቅ ባትሪ ይፈልጋል።»

«ግጠሚዋ።»

«ትልቅ ባትሪ ደግሞ ይከብዳል።»

«እንግዲያው ክንዱን እናጠነክረዋለን» አለ ወንድሟ፣ ከልቡ። እሷ ግንባሯን ሞርሳው ላይ አስደገፈች። እሱን ማስረዳት ውሃ ወቀጣ መሆኑን እያወቀች ምን እንደምትሞክር ለራሷም አልገባትም።

በበነጋታው ራሷ ሥዕል ሠርታ መጣች። ከቱቦላሬ ሳይሆን ከመስኮት ከተረፈ ቀጭን አሉሚኒየም፣ ክብደቱ እንዲቀንስም በየክንዱ ላይ ተርታ ቀዳዳ። ወንድሟ ሥዕሉን አዟዙሮ አየና «እሺ» አለ። የሱ «እሺ» ሰምቻለሁ ማለት እንጂ አደርገዋለሁ ማለት እንዳልሆነ ለማወቅ አርባ ምናምን ዓመት ነበራት። አላሰበችበትም።

ልትወስድ ስትመጣ ክንዶቹ እንደ መስታወት ለስልሰዋል። ቀዳዳ የሚባል የለም።

«ጋሼ፣ አልበሳኸውም?»

«ሥዕሉ ላይ እንዳለው በሳሁት» አለ ወንድሟ፣ ቅር ብሎት። «ከዚያ ደፈንኩት።»

በእያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ ላሜራ ለጥፎ፣ ላሜራውን በስቱኮ አለስልሶ፣ ከላዩ ብርማ ቀለም ቀብቶታል። ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ሥራ አልሠራም።

«ለምን?»

«ሰው ቢያየውስ? አይነቃነቅ ወንፊት ሠራ ይባል?»

«ማን ነው የሚያየው? ሰማይ ላይ እኮ ነው የሚውለው።»

«ከሰማይ ላይ ደግሞ ለሁሉም ይታያል።»

ይኼን ጊዜ መጮኽ ነበረባት። አልጮኸችም። ጥርሷን ነክሳ ክንዶቹን ወደ ሥራ ቦታዋ ወሰደችና የምሳ ሰዓቷን ሁሉ ሠውታ፣ በጥርስ መሞረጃዋ ላሜራውን አንድ በአንድ ፈልፍላ አወጣች። ለጥርስ የሚሠራ መሞረጃ ተበላሸባት። ሕይወቷን ሙሉ ስታደርግ የኖረችው ይህንኑ ነው፤ እሱ ይደፍናል፣ እሷ ድምፅ ሳታሰማ ትፈለፍላለች።

ክንዶቹን ከፕላስቲኩ መሃል ጋር ስትገጥማቸው ግን ድሮኑ ተነሳ። እንደ ድሮው ቀልጠፍ አይልም፣ ግን ተነሳ። ሲያርፍም ከመሬት ቢላተም ክንዱ ጭረት እንኳ አያወጣም። ደስ አላት፤ መዋሸት አያስፈልግም። ወንድሟም «አላልኩሽም?» አለ፣ ከዚያም ባገኛት ቁጥር ይህንኑ አለ።

አርብ ከሥራ በኋላ ለመለማመድ ሜዳው ሄደች። ወንድሟም ሥራውን ሊያይ ተከተላት። የማኅበሩ ሊቀ መንበር የሆነው ፋርማሲስትም የራሱን ድሮን እያስተካከለ ነበር። ንፋስ አለ። ድሮኗ ምሰሶውን ሲዞር ከብዶት ዘገየ፣ ንፋሱ ገፋው፣ ምሰሶውን በክንዱ ገጨና ቁልቁል ወረደ።

ቀድሞ የደረሰው ወንድሟ ነው። አንስቶ አገላበጠውና ፊቱ በራ።

«ነይ እዪው ሚጢጢዬ! ክንዱ ፍንክች አላለም!»

አየችው። አራቱም ክንዶች ቀጥ ብለው ቆመዋል። መሃሉ ግን ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ሽቦው ተበጥሷል፣ የድሮኑ አንጎል የሆነው ትንሽ ሰሌዳ ደግሞ እንደ ብስኩት ተፈርክሷል። ከምሰሶው የመጣውን ምት ክንዱ አልቀበልም ስላለ መሃሉ ተቀበለው።

«እሱማ ፍንክች አይልም» አለች። ድምፅዋ ከፍ ማለቱን ሰማች፣ ልትቀንሰው ግን አልፈለገችም። «ያንተ ነገር መቼ ተሰብሮ ያውቃል? የሚሰበረው ምንጊዜም አጠገቡ ያለው ነው።»

«ምን አደረግኩ አሁን?»

«ልጅ ሆኜ ብስክሌት ገዛህልኝ። እንዳልወድቅ ብለህ በግራና በቀኝ ትንንሽ ጎማ ጨመርክበት። ሰው በብሎን ያስረዋል፣ ልጁ ሲለምድ ይፈታዋል። አንተ በየድከው። ጓደኞቼ ወደቁ፣ ጉልበታቸው ተላጠ፣ ቻሉ። እኔ እግሬ ረዝሞ ብስክሌቱ እስኪያንሰኝ አንድ ቀን አልወደቅኩም። ዛሬም ብስክሌት መንዳት አልችልም። ሃምሳ ሊሞላኝ ነው ጋሼ! አንተ ያልያዝክልኝ የመጀመሪያ ነገሬ ይኼ ነው። መውደቅ እፈልጋለሁ። ወድቄ እንድነሳ አድርገህ ሥራልኝ አልኩህ እንጂ እንዳልወድቅ አድርገህ ሥራልኝ አላልኩህም።»

ፋርማሲስቱ ሳር ውስጥ ብሎን የጠፋበት መስሎ ጎንበስ አለ።

ወንድሟ የተፈረከሰውን ሰሌዳ ከሳሩ ላይ ለቀመ። «ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?» አለ።

«ብነግርህ ትሰማ ነበር?»

አሰበበት። በእውነት አሰበበት።

«አልሰማም ነበር» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ብየዳ ቤቱ ሄደች። ንዴቷ አልበረደላትም፤ ክንዶቹ ካለቁበት ሌላ አሮጌ ድሮኗ የነቀለችውን ሰሌዳና መሃል በከረጢት ይዛ፣ እርቅ ሳይሆን ሥራ ፍለጋ ነው የመጣችው። ወንድሟ ሰላም ካላት በኋላ በርጩማ አቀረበላትና ተቀመጠ። እሱ ሥራ ቦታው ላይ ተቀምጦ አይታው አታውቅም።

«እስቲ አስረጂኝ» አለ። «እንዴት ነው ነገር ሲሰበር የሚሻለው?»

«አንዳንድ ሐኪም በጣም ጠንካራ ጥርስ ሥሪልኝ ይለኛል» አለች። «መሥራት እችላለሁ። ግን የሠራሁት ጥርስ ከሌሎቹ ጥርሶች በላይ ከጠነከረ፣ ከፊት ለፊቱ ያለውን ጤነኛ ጥርስ እየበላ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ቀድሞ የሚያልቀው የኔ ሥራ መሆን አለበት። እሱን መቀየር ይቻላል። የሰውየውን ጥርስ ግን ማን ይቀይረዋል?»

«ታዲያ ይኼን እያወቅሽ የብረት ክንድ ለምን አዘዝሽኝ?»

ከሳምንቱ ሁሉ በጣም ያናደዳት ይህ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ለአንድ ጊዜ እንኳ መልስ ያለው ጥያቄ ጠይቋታል። መሰበር ሰልችቷት የማይሰበር ነገር ፈልጋ ነው። እሷም እህቱ ናት።

ወንድሟ መልሱን አልጠበቀም። አሉሚኒየሙን ሞርሳው ላይ አሰረና የብረት መጋዙን አነሳ። «የት ላይ ይሰበር?»

ከመሃሉ ወጣ ብሎ፣ ሁለት ብሎን ፈትቶ መቀየር በሚቻልበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገችለት። መጋዙን አስቀመጠበት፣ ዓይኑን ጨፈነና ጭረት አወጣበት። በመዶሻ መታው፤ አልተሰበረም። ጭረቱን ጠለቅ አደረገው፤ አሁን ደግሞ ገና ሲነካው እጁ ላይ ቀረ። ሌላ ቆረጠ። እንደገና መታ። ቁርጥራጩ ጫማው ላይ ተከመረ። በር ያዘዘ ደንበኛ መጥቶ ሲጠይቀው «ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ መለሰው።

ከቀትር በኋላ እሷ «ይበቃል ጋሼ፣ ይኼ ጥሩ ነው» አለችው።

«ጥሩ አይደለም። እዪው፣ ተንጋዶ ነው የተሰበረው።»

«ቢንጋደድ ምን ቸገረን?»

«መሰበሩ ካልቀረ በወጉ ይሰበር እንጂ።»

መቼም ሰው አመሉን አይተውም። የሚሰበር ነገር እንዲሠራ ለምና ለምና እሺ ካሰኘችው በኋላ፣ አሁን ደግሞ መስበሩን እንዲያቆም እየለመነችው ነው። ከረጢቷን አንስታ ልትሄድ ስትል አራት ክንድና ሁለት መለዋወጫ እጇ ላይ አስቀመጠላት። በቀዳዳው ላይ ላሜራ የለም። ሥሩ ላይ ያለው ጭረት ደግሞ ጸጉር የሚያክል ነው።

እሁድ ሰው በሜዳው ዳር ወንበር ይዞ ተቀምጧል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ወድቆ የተሰበረበት ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ጠግኖ ሊነሳ ይችላል፣ ጊዜው ግን ጥቂት ደቂቃ ነው። ተራዋ ሲደርስ ድሮኑ ተነሳ። ቀሎታል፤ እጇ ላይ ባለው ሪሞት ሳይቀር ተሰማት። ሜዳውን አቋረጠ፣ ምሰሶው ጋ ደረሰ፣ ዞረ፣ ልቧ ደስ ብሎት ትንሽ አፈጠነችው። አበዛችው። ምሰሶውን ገጨ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ወደቀ።

ከዚያ ከኋላዋ ወንበር ተገለበጠ።

«ተሰበረ!» አለ ወንድሟ። «ተሰበረ! እዚያው ላይ!»

ሰው ሁሉ እንደ ጠላት አየው። እሱ ግን በዚያ ዕድሜው እየሮጠ አልፏት ሄደ። ስትደርስ ተንበርክኮ አገኘችው። አንዱ ክንድ ከጭረቱ ላይ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። መሃሉ ደኅና ነው። ሰሌዳው መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ነው።

መለዋወጫውን አስገባች፣ ሽቦውን አገናኘች፣ ሁለቱን ብሎኖች አጠበቀች። የወንድሟ እጅ ከኪሱ መፍቻ ይዞ መጣ፤ አንድ ዙር ሊጨምርበት፣ እንደ ልማዱ። ብሎኑ ጋ ሊደርስ ሲል ቆመ። መፍቻውን ወደ ኪሱ መለሰና እጁን ብብቱ ሥር ሸጎጠው፣ እንዳያመልጠው የፈራ ይመስላል።

«ጨርሻለሁ» አለች።

«እሺ» አለ፣ ተነስቶም ራቀላት።

ድሮኑ ምሰሶውን በዝግታ ዞረ፣ አየር ላይ ቆመ፣ ወረደ። ማረፉ ያው የሷ ማረፍ ነው፤ ነጥሮ በጎኑ ሊጋደም ደርሶ ነበር፣ ግን ክቡ ውስጥ ቀረ። ፋርማሲስቱ መጥቶ አየና «ገብተዋል እትዬ» አላት። ሜዳው የሷ ነው። ልትነግረው ወደ ወንድሟ ዞረች።

ወንድሟ ጀርባውን ሰጥቶ፣ የተሰበረውን ክንድ ለአንድ የማያውቀው ሰው እያሳየ ነው።

«ጋሼ።»

«ቆይ አንዴ።»

«ጋሼ፣ አለፍኩ እኮ።»

«እሱማ የታወቀ ነው» አለ፣ ቀና እንኳ ሳይል። «ይልቅ ነይ ይኼን እዪው፣ እንዴት አምሮ እንደተሰበረ።»

ልታንቀውም ልታቅፈውም አማራት። ሪሞቷን ብብቷ ሥር አድርጋ አጠገቡ ሄደችና ስብራቱን አብራው አየችው።