አጥር የማትወድ አበባ

ያቺ ሰማያዊ አበባ ከቋጥኙ ሥር ካለችው ሜዳ በቀር የትም አትገኝም። የዕፅዋት ጥናት ቢሮው ዶክተር እንዳትጠፋ ብለው ሜዳውን በሽቦ አጠሩት። ሳሩ ደልቶት እስከ ጉልበት ደረሰ፤ አበባዋ ግን በመጀመሪያው ዓመት አርባ፣ ቀጥሎ ዘጠኝ፣ አምና አንዲትም አልነበረች። ከሁለት ወር በኋላ ኮሚቴ መጥቶ ካጣት ሜዳው ለመጋዘን ሊሰጥ ነው።

የቢሮው ጽዳት ሠራተኛ ይህን የሰማችው ወለል ስትወለውል ነው። ያደገችው ከሜዳው ማዶ ነበርና መወልወያዋን አቁማ፣

«ዶክተር፣ የገደላት አጥሩ ነው» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ቅጠሏ መሬት ላይ ተለጥፎ ነው የሚኖረው፤ ቢረገጥ ደንታም የለው። ሳር ከጋረዳት ግን አለቀላት። ዘሯንም ኮቴ ካልቀበረው አይበቅልም። ድሮ የምትበዛው ፍየል በሚውልበት ነበር።»

ዶክተሩ ሳቁ። «ለመሆኑ ስንተኛ ክፍል ደርሰሻል?»

«ሁለተኛ። ፍየሎቹ ደግሞ ጭራሹን አልተማሩም።»

በማግስቱ አምስት ፍየሎቿን ነድታ አጥሩ በር ላይ ቆመች። ዘበኛው የባሏ ወንድም ነው።

«ዋርሳዬ፣ ክፈት።»

«አብደሻል? ከሥራ ልታስባርሪኝ ነው?»

«አብረን እንባረራለን፤ ብቻህን አይደለህ፣ ምን ያስፈራሃል?»

እያጉረመረመ ከፈተላት።

በሦስተኛው ቀን ዶክተሩ ደረሱበት። ሳሩ ተግጦ፣ መሬቱ በኮቴ ተቦድሶ ሲያዩ ራሳቸውን ያዙ።

«ምን አጠፋሁ? የምትጎዳ አበባ የለች!» አለቻቸው። «ካልበቀለች ያባሩኝ።»

ዶክተሩ በሩን ክፍት ትተው ሄዱ። ፍየሎቹ ሰነበቱ። ዝናቡ ሲጀምር ለጋውን ቡቃያ እንዳይቀጥፉ ራሷ አወጣቻቸው።

ኮሚቴው በጠዋት መጣ፤ መሬቱ አረንጓዴ ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ መዝገቡን ሊዘጉ ሲሉ መንገዱ ላይ ቆመችባቸው።

«አበባዋ ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ ዓይኗን አትገልጥም። ይቀመጡ!»

ተቀመጡ። ምን ያድርጉ፣ ሴትዮዋ ንቅንቅ አልል አለች። እኩለ ቀን ሲሆን አንዷ ፈካች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያማ ሜዳው ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት! ሊቀመንበሩ ሱፋቸውን ረስተው ቀርበው ሊያዩ በሆዳቸው ተኙ። ዶክተሩም የሚረግጡበት ጠፍቷቸው በአንድ እግራቸው ቆመው ቀሩ።

«ይርገጡ እንጂ ዶክተር፣ ለምዳዋለች!» አለች፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ዶክተሩም እየሳቁ እግራቸውን አሳረፉና ወደ እሷ ዘወር አሉ።

«ፍየሎችሽ ስንት ናቸው ያልሽኝ?»

«አምስት።»

«ለከርሞ አይበቁም» አሉ። «የጎረቤትሽንም ጨምሪ። አጥሩን ነገ አስነሳለሁ።»