አይቻለሁ ያለችው ሰርግ

«እናታችንን በመታወቂያ ፎቶ ልናለቅሳት ነው?» አለች ሐመልማል፣ ድምጿ በለቅሶ ብዛት ሰልሎ።

ሰልስት ነው። ዘመዶች ከሲሬ እኩለ ቀን ላይ ይደርሳሉ፤ ድንኳኑ ውስጥ ግን የሟቿ የየሺሃረግ ምስል ገና አልተሰቀለም። ያለው የመታወቂያዋ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ቢሆን አፏን ገጥማ የተቆጣች ትመስላለች። የሳቀችበት የሐመልማል ሰርግ ቪዲዮ፣ አባታቸው ገብረ መድህንም በሕይወት ሳለ ቆሞ የመረቀበት፣ አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነበር።

«ዲስኩ ሞቷል ብያችኋለሁ» አለ ወንድሟ እንደሻው። አሰላ ውስጥ ኮምፒውተር የተበላሸበት ሁሉ ወደ እሱ ሱቅ ነው የሚሮጠው፤ ቃሉን ማን ይጠራጠራል?

ጎረቤታቸው ሀሊሜ ግን ከፍራሹ ላይ ቀና አሉ።

«ምን ሞተ ትላለህ፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ! ‹ልጄ አስተካክሎ ገብሬን አሳየኝ› ብላኝ የለ እናትህ? ስትመርቅህ ነው የዋለች፣ ወላሂ! ይኸው ቡፌው ውስጥ፣ በነጠላዋ ጠቅልላ ነው የምታኖረው።»

«እሰይ፣ የተባረከ!» አለ ለቀስተኛው።

እንደሻው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

እናቱ አላየችም። አባቱ ካረፈ በኋላ ዲስኩን ይዛ ሱቁ ድረስ መጥታ ነበር። የሱቁ አሮጌ ኮምፒውተር ትልቅ ዲስክ ሲሰጡት ደርቆ ይቀር ስለነበር፣ እንደሻው ከዲስኩ ጀርባ ያለችውን፣ ገብስ የምታክለውን፣ የዲስኩን መጠን የምትወስነውን መሰኪያ፣ ጃምፐሯን፣ ነቅሎ ቦታዋን ቀየረ። ያን ጊዜ መቶ ስድሳ ጊጋ የሚይዘው ዲስክ ሠላሳ ሁለት ብቻ ሆኖ ታየ፤ ኮምፒውተሩም ‹ፎርማት ላድርገው?› እያለ ይጠይቅ ጀመር። ደንበኛ በር ላይ ቆሟል። ጃምፐሯንም እዚያው ረሳት።

«ሞቷል እማዬ» አላት።

«እስኪ ደግመህ ሞክረው፣ የኔ ጌታ» ትለው ነበር፣ ባገኘችው ቁጥር። አንድ ቀን «አንቺ ደግሞ! ሞተ አልኩሽ እኮ!» ብሎ ጮኸባት። ዳግመኛ አልጠየቀችም። ለካ ሰው ‹የገዛ እናቱን ዕቃ ያልጠገነ› እንዳይለው፣ ገመናውን ሸፍናለት ኖሯል። የእናት ነገር!

ዲስኩን ከቡፌው አውጥቶ ነጠላውን ሲፈታ ጃምፐሯ እሱ የሰካት ቦታ ላይ ናት። በጥፍሩ ነቅሎ ወደ ጥንት ቦታዋ መለሳትና ዲስኩን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘው።

መቶ ስድሳ። ሙሉ።

ሰርጉ ተከፈተ። ገብረ መድህን ቆሞ ይመርቃል፤ የሺሃረግ አጠገቡ አፏን በእጇ ከልላ ትስቃለች። ድንኳኑ በለቅሶ ተናወጠ። ሐመልማል እያነባች ያቺን ሳቅ በስልኳ ቀድታ ወደ ፎቶ ቤት ላከች።

«አላልኩም?» አሉ ሀሊሜ። «እሷስ ጠግባ አይታዋለች፤ እኛ ነን የቀረን።»

«አዴ ሀሊሜ... አላየችም» አለ እንደሻው። «ጥፋቱ የኔ ነው። ደግሜ እንኳ አልሞከርኩላትም።»

ሀሊሜ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እንግዲያ ሂድና አሳያታ» አሉት፣ ቀስ ብለው።

እንደሻው ላፕቶፑን ታቅፎ ጓዳ ገባ። ከእናቱ አልጋ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጠው፣ ፊቱን ወደ ትራሷ አዞረው፣ ሰርጉን ከመጀመሪያው አስጀመረላት። እሱ ግን ከኋላው፣ ምስሉ ከማይታይበት በኩል፣ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።