ያስተማረህ ማን ነው?

ወንድሜ ጃቫሪስ ኮሌጅ ሊገባ ነው ሲባል ታልበርት ከተማ ውስጥ ደስ ያላለው ሰው ከነበረ፣ ወይ ሞቷል፣ ወይ ደግሞ የጎረቤት ከተማ ቡድን ደጋፊ ነው። የነዳጅ ማደያው ባለቤት እንኳን፣ ሰላምታ የሚከብደው ሰውዬ፣ «የኛ ልጅ» እያለ ያወራ ጀመር። የኛ! ልጁን ያሳደግኩት እኔ ሎኔት ነኝ እኮ።

እናታችን በኩላሊት ስትሞት ጃቫሪስ ዘጠነኛ ክፍል ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቱም አባቱም እኔው ሆንኩ፣ እህቱ። የምሠራው ዓሣ ፋብሪካ ነው። ሚሲሲፒ ዴልታ ውስጥ ጥጥ ካልሆነ ዓሣ ነው፣ ሌላ ምን አለ? ቀኑን ሙሉ የጎማ ቦት ተጫምቼ፣ ፀጉሬን በመረብ ቆብ ሸፍኜ አምባዛ ስሰነጥቅ እውላለሁ። እጄን በሎሚ ባሸውም በሳሙና ብፈትገውም ሽታው አይለቅም። ከሥራ ስመለስ ጃቫሪስ በር ላይ ቆሞ «እታለም፣ ድመቶቹ ከኋላሽ ናቸው» ይለኛል። ያ ትልቅ ሰውነት ይዞ እንደ ሕፃን ነው የሚያሾፈው።

በእኛ ፉትቦል ኳሷን ታቅፎ የሚሮጥ አለ፣ እሱን አሳዶ መሬት ላይ የሚጥል አለ። ጃቫሪስ ጣይ ነበር። ጥሎ ሲያበቃ ደግሞ እጁን ዘርግቶ የጣለውን ልጅ ያነሳዋል። እኔ ከዳር ሆኜ «ምን ታነሳዋለህ፣ ተወው እዚያው ይተኛ!» እያልኩ እጮህ ነበር።

ከሰሜን የአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ መልማይ ቤታችን ድረስ መጣ። የጠበስኩትን አምባዛ በላ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። ትምህርቱም መኝታውም ምግቡም በነፃ ነው፣ እንደ ልጃችን ነው የምንይዘው አለ። በየካቲት፣ የሚገባበትን ኮሌጅ መርጦ በሚፈርምበት ቀን፣ ጂምናዚየሙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። እንደ ልማዱ ጠረጴዛው ላይ የሁለት ኮሌጆች ቆብ ተቀመጠ። ጃቫሪስ እጁን አንዱ ላይ አንዣበበ፣ ሌላው ላይ አንዣበበ፣ ሰዉን አስጨነቀው። ከዚያ ሰማያዊውን፣ የሰሜኑን ዩኒቨርሲቲ ቆብ፣ አነሳና በሁለት እጁ ይዞ ጭንቅላቱ ላይ አደረገው፣ ፊት ለፊቱን ወደ ታች ሳብ አደረገ። ቤቱ ተናወጠ። እኔ ደግሞ እናቴን አሰብኩና ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ።

ገና እንባዬን ሳልጠርግ ነው አሰልጣኝ ታርቨር ክንዴን ይዞ ወደ ኮሪደሩ የወሰደኝ። አንዲት ነገር ቀርታለች አለኝ። ኮሌጅ የሚገቡ ተጫዋቾችን ትምህርት የሚያጣራ ቢሮ አለ። ኳሱን አያይም፣ ደብተሩን ነው የሚያየው። ጃቫሪስ ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ወድቋል። ታዲያ መቼ ይማር? ያንን ዓመት እናታችን አልጋ አጠገብ፣ ሆስፒታል ወንበር ላይ ነው የጨረሰው። ትምህርት ቤቱ በወደቀው ፋንታ የሥራ ማመልከቻ አሞላል የሚያስተምር ቀላል እንግሊዝኛ ሰጥቶት ነበር። እሷን በጥሩ ውጤት አለፈ፣ አርብ አርብ ሳይታገድ ተጫወተ፣ ሰዉም ጨፈረ። ቢሮው ግን ያችን ትምህርት ብሎ አይቆጥራትም።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ማን ተኝቶ ነው?» አልኩት። ደሜ ፈልቶ ነበር። ታርቨር ጫማውን አየ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚያው ልክ ልኩን እነግረው ነበር። ግን እናታችንን ኩላሊቷን ለማሳጠብ በራሱ መኪና ሲያመላልሳት የነበረው እሱ ነው። ምን አድርጌ ልቆጣው?

መፍትሔ ያለውን እሱው አመጣ። በፖስታ የሚላክ የእንግሊዝኛ ኮርስ አለ። ወረቀቱ ይመጣል፣ ሠርተህ ትልካለህ፣ አርመው ይመልሱልሃል፣ በመጨረሻ ቤተ መጻሕፍት ሄደህ ትፈተናለህ። ያንን ካለፈ ጃቫሪስ ይገባል፣ ካላለፈ አይገባም። ነገሩ ያችው ናት።

እኔ ራሴ ከአሥረኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። የመጀመሪያው ጥራዝ ሲመጣ ከሥራ መልስ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነውና ሁለታችንም ፈዘን ቀረን።

«እታለም፣ ይሄ እንግሊዝኛ ነው?» አለኝ።

«ይመስለኛል።»

በሳቅ ፈነዳን። ከዚያ ግን ጀመርነው። የማያውቀውን ቃል እኔም አላውቀውም፣ መዝገበ ቃላት ላይ አብረን እንፈልጋለን። የሚነበበውን ታሪክ እሱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማለሁ፣ ያልገባኝን እጠይቃለሁ። እኔ ስጠይቅ እሱ ሊያስረዳኝ ይፍጨረጨራል፣ በዚያው ለራሱ ይገባዋል። ብዙውን ትምህርት የተማርነው እንደዚህ ነው፣ ማን ማንን እንዳስተማረ እንጃ።

አበሳውን ያሳየችው ኮማ የሚሏት ያች ጭራ ያላት ነጥብ ነበረች፣ ዓረፍተ ነገር መሀል የምትገባዋ። ወይ ይረሳታል፣ ወይ በየቃሉ ይዘራታል። የላከው ጽሑፍ በቀይ ተጨማልቆ ይመለሳል። አንድ ቀን እናታችን መዝሙረ ዳዊት ስታነብልን ትዝ አለችኝ፣ ትንፋሿን የምትስብበት ቦታ። «የጻፍከውን ጮክ ብለህ አንብብ፣ ትንፋሽ የወሰድክበት ጋ ጭራ አድርግ» አልኩት። ሞከረ፣ ሠራ። ሁልጊዜ ላይሠራ ይችላል፣ ለእኛ ግን ሠራልን።

ከዚያ በኋላማ መሳለቂያ አደረገኝ። እኔ መቼም ከተናገርኩ አላቆምም። ስለ እርጥብ ፎጣ ጀምሬ ስለ ጓደኞቹ፣ ስለ ጓደኞቹ ጀምሬ ስለ አለቃዬ ሳወርድበት ጣቱን ቀሰር አድርጎ «እታለም፣ ጭራ» ይለኛል። ተንፍሺ ማለቱ ነው። ንዴቴ ይበናል፣ ምን ላድርግ።

ስለምታውቀው ቦታ ጻፍ ብለውት ስለዚያ ሆስፒታል ወንበር ጻፈ። «ወንበሩ ለሚቀመጥ ሰው ነው የተሠራው፣ እኔ ግን ተኛሁበት፣ ምክንያቱም ቤት ብሄድ ሳልኖር ትሞታለች ብዬ ፈራሁ» ይላል። ጭራዎቹ በየቦታቸው ናቸው። አንብቤው ልብስ አሰጣለሁ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። የሚሰጣ ልብስ አልነበረም።

ያንን ኮርስ ጃቫሪስ በጥሩ ውጤት አለፈ። ያለ ማንም ቸርነት፣ ልጁ በራሱ አለፈ። ውጤቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት፣ ለእንግዳ ሁሉ በግድ አሳየሁ። ለፖስተኛው ሳይቀር።

ሐምሌ ላይ ታርቨር መጣ። መኪናው ውስጥ ብዙ ቆይቶ ወረደ። ቢሮው ኮርሱን አልቀበልም ብሏል አለ። ለምን? መምህር የለበትም። በደንቡ መሠረት ተማሪው በየጊዜው የሚያገኘው መምህር መኖር አለበት፣ ወረቀት መላላክ ብቻ ትምህርት አይባልም። ክፍል ውስጥ ዓይኑን ገልጦ እየተኛ ያለፋቸውን ሌሎች ትምህርቶች ግን በሙሉ ቆጥረውለታል። ልጁ ከልቡ የተማረው አንድ ትምህርት ቢኖር ያ ነው፣ እሱን ነው አልተማረም ያሉት።

ታርቨር ግን መላ ይዞ ነበር የመጣው። ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህርት አሉ፣ ወይዘሮ ፕሩዊት፣ ባለ ፈቃድ። ለምኗቸው፣ በየሳምንቱ አስተምሬዋለሁ ብለው ሊፈርሙ ፈቃደኛ ሆነዋል። እኚያ ሴትዮ በሕይወታቸው ዋሽተው አያውቁም፣ ግን «እግዚአብሔር ከጠየቀኝ እኔው እመልስለታለሁ» አሉ አሉ። ቢሮው ስልክ ይደውላል፣ ጃቫሪስ ስማቸውን ይጠራል፣ አለቀ። አንዲት ስም ናት። እኔ ቅር ብሎኝ ነበር? በጭራሽ። ለእሱ ስሜንም ነፍሴንም እሸጥ ነበር። ሦስታችን ተቀምጠን ተለማመድነው፣ ታርቨር ይጠይቃል፣ ጃቫሪስ ይመልሳል። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፣ እኔ ፍርሃት ነው ብዬ ተውኩት።

የተደወለ ቀን ከፋብሪካ አስፈቅጄ እየሮጥኩ ቤት ደረስኩ፣ ቦቴን እንኳን አላወለቅኩም። ታርቨር ወንበር ላይ፣ ጃቫሪስ ጠረጴዛው ጋ፣ እኔ ፊት ለፊቱ ማጠቢያው አጠገብ ቆምኩ። ስልኩ መሀል ላይ ድምፁ ተከፍቶ ተቀምጧል። ከቢሮው የደወለችው ሴትዮ ደግ ድምፅ ነበራት፣ ለመጥላት እንኳን አትመችም። ስሙን ጠየቀች፣ ስንት ወር እንደፈጀበት ጠየቀች። ቀጥላ፣

«ያስተማረህ ማን ነው?» አለችው።

ጃቫሪስ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ በከንፈሬ ብቻ ፕሩዊት፣ ፕሩዊት እላለሁ።

«እህቴ ናት» አለ።

ታርቨር ዓይኑን ጨፈነ። ሴትዮዋ እህትህ የማስተማር ፈቃድ አላት ወይ ብላ ጠየቀች። የላትም፣ ዓሣ ፋብሪካ ነው የምትሠራው አላት። ሴትዮዋ ልትረዳው ፈልጋ ነበር፣ ይታወቃል። ፋይሉ ላይ ወይዘሮ ፕሩዊት የሚባሉ መምህርት አሉ እኮ አለችው፣ ቀስ ብላ፣ አስብበት እንደማለት።

«ጥሩ ሰው ናቸው። እኔን ግን አላስተማሩኝም።»

እውነቱን ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ አለችው። ስልኩ ተዘጋ። ታርቨር ተነሳ፣ የጃቫሪስን ትከሻ ጨበጥ አድርጎ ወጣ።

እኔ ግን ጮህኩ። ምን ያላልኩት አለ። አብደሃል ወይ አልኩት፣ አንዲት ስም መጥራት አቃተህ ወይ አልኩት፣ እናትህ መቃብሯ ውስጥ ትገላበጣለች አልኩት፣ እድሜ ልክህን ይቆጭሃል አልኩት። ጣቱን ያነሳል ብዬ ጠበቅኩ። አላነሳም። ጭራ አላለኝም። ድካሜ ራሱ ዝም ሲያሰኘኝ ነው የተናገረው።

«ፊቴ ቆመሽ?» አለ። «እንዴት አድርጌ ነው አንቺ ፊቴ ቆመሽ፣ ያስተማረችኝ ሌላ ሴት ናት የምለው?»

«ክደኸኝ ብትሄድ ይሻለኝ ነበር።»

«እኔን አይሻለኝም።»

ቁጭ ብዬ ቦቴን አወለቅኩ፣ ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ።

ቢሮው ኮርሱን ውድቅ አደረገው፣ መልማዩም ስልክ ማንሳት አቆመ። ቦታውን ከጆርጂያ ግዛት ለመጣ ልጅ ሰጡት ተባለ። ታርቨር እዚሁ ዴልታ ውስጥ ያለች የሁለት ዓመት ኮሌጅ ጠየቀለት፣ ሞልቷል፣ በጥር ይምጣ አሉ። ጥር! በእኛ አገር በጥር እሄዳለሁ ብለው ፋብሪካ የገቡ ሰዎች አሉ፣ ፀጉራቸው ሸብቶ ዛሬም አጠገቤ ቆመው አምባዛ ይሰነጥቃሉ። ጃቫሪስም መጥቶ «አለቃሽን አናግሪልኝ፣ እስከ ጥር ብቻ» አለኝ። እንቢ ብል ቤት ውስጥ ጣራ ሲያይ ሊውል ነው። አናገርኩለት።

ነሐሴ ነበር፣ ጓደኞቹ በየኮሌጃቸው ልምምድ በጀመሩበት ሰሞን። ለእግሩ የሚሆን ቦት ጠፍቶ የተቀደደ ሰጡት። የመረብ ቆብ ሲሰጠው በሁለት እጁ ይዞ ጭንቅላቱ ላይ አደረገው፣ ፊት ለፊቱን ወደ ታች ሳብ አደረገ። ልብ ብሎ አይደለም፣ እጁ ነው የለመደው። እኔ ግን አየሁ። ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ተቆጣጣሪያችን ዴል፣ አርብ አርብ ሲጨፍሩ ከነበሩት አንዱ፣ ዓይኑን ሊያየው አልቻለም። ሰሌዳውን እያየ ቢላ አያያዝ የሚያሳይህ ሰው ልመድብልህ ወይ ብሎ ጠየቀው።

«አያስፈልግም» አለው ጃቫሪስ። «እህቴ ታስተምረኛለች።»

ያኔ የዚያ ቢሮ ሴትዮ ፈቃድ አላት ወይ ያለችው ትዝ አለኝ። እዚህ ማንም ፈቃድ አልጠየቀኝም። አስተማሪ መባልን የዚያን ቀን ያህል ጠልቼው አላውቅም።

ቢላውን በእጀታው በኩል አቀበልኩት። ያንን ወፍራም የእጁን አንጓ ይዤ ቢላው ከዓሣው ጉንጭ ሥር የት ጋ እንደሚገባ አሳየሁት፣ አጥንቱን ተከትለህ ሂድ፣ አትግፋው፣ ራሱ ይሄዳል፣ ጣትህን ጠብቅ፣ ውኃው ያንሸራትታል፣ አይዞህ፣ ቀስ በል፣ እያልኩ ሳላቋርጥ ለፈለፍኩ፣ ካቆምኩ እንደማለቅስ ስለማውቅ። እሱ ዓይኑን ከዓሣው ላይ ሳያነሳ፣ ቀስ ብሎ፣

«እታለም፣ ጭራ» አለኝ።

መተንፈስ አቃተኝ።