የክንፉ እምቢታ

ባለቤቴ ክንፉ በመጀመሪያ ጥያቄ "እሺ" ብሎ አያውቅም። ሲያገባኝ እንኳ፣ ሽማግሌ የላከው እሱ ራሱ ሆኖ ሳለ፣ አባቴ "በል እንግዲህ፣ ሰጥተንሃል" ሲሉት "ኧረ ከከበዳችሁ ይቅር" ብሏል። አባቴ ይህንን እስኪሞቱ ድረስ ለእንግዳ ሁሉ ያወሩት ነበር።

አገር ቤት ሳለን ጠባዩ ጨዋነት ነበር። ሰው ቤት ገብቶ ምግብ ሲቀርብለት "አሁን በልቼ ነው የመጣሁት" ይላል። የቤቱ እመቤት "በሞቴ" ትለዋለች። "ኧረ አይሆንም" ይላል። "አፈር ስሆን" ስትለው ያን ጊዜ ቀረብ ብሎ የሁለት ሰው ድርሻ ይበላል፤ እሷም እሱም ደስ ይላቸዋል። ኦክላንድ ከመጣን ወዲህ ግን መግደርደሩ ጦሙን ያሳድረው ጀመር። አፕታውን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሲሠራ፣ የባልደረባ ልደት በመጣ ቁጥር "ኬክ ትፈልጋለህ?" ይሉታል። "ኖ፣ ታንክ ዩ" ይላል። እነሱም "ኦኬ" ብለው ያልፉታል። ማታ ቤት ሲገባ እኔ ላይ ነው የሚያማርረው፦ "ዘኑ፣ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? አንዴ ጠይቀው ዝም!"

ልጃችን ቤቴል በዲቪ ስንመጣ ገና መዳህ ያቆመች ሕፃን ነበረች። አማርኛ አንድም ቃል አያመልጣትም፤ መልሷ ግን አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። አሁን ሳን ሆዜ የኮምፒውተር መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ የምትኖረውም ብቻዋን ነው። እሑድ ከቸርች ስንወጣ ክንፉ ኮል ያደርግላታል።

"ቤቲዬ፣ ዛሬ ብቅ እንበል እንዴ?"

"ዩ ዶንት ሃቭ ቱ፣ ዳድ። ሩቅ ነው።"

ስልኩን ይዘጋና "አትምጡ አለች" ይለኛል። ፍሪሞንትን አለፍ ብሎ ነው፣ ውቅያኖስ የለው፣ ድንበር የለው። ግን ልጁ "አያስፈልግም" ካለችው መኪናውን አያስነሣም። ቤቷን ያየነው ዕቃዋን ያስገባች ቀን ብቻ ነው። ሁለቱም እየተናፈቁ እንደሚዋደዱ አውቃለሁ፤ ግን መሐላቸው ገብቼ ምን ልበል? እኔም እናት እንጂ አስተርጓሚ አይደለሁ።

ክንፉ ጡረታ የወጣ ጊዜ ታዲያ ይህችው ልጅ ለሦስታችን የመርከብ ጉዞ ገዝታ መጣች። የግሪክን ደሴቶች የሚዞር ነው። "ፍጥሞ ላይ ይቆማል፣ ዳድ" አለችው፣ ዓይኑን እያየች።

ክንፉ ተነሥቶ መታጠቢያ ቤት ገባና ቆየ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ፣ ገና ልጅ እግር ሳለ፣ "ጴንጤ ነህ" ተብሎ ታስሯል። አብረውት የታሰሩ ጋሽ ቡልቻ የሚባሉ የወለጋ ሰው ነበሩ። ክፍሉ መስኮት አልነበረውም። ሰው ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥ፣ ሐዋርያው ስለታሰረባት ስለ ፍጥሞ ደሴት እሳቸው ያወሩላቸዋል፦ "እሱን ያሰሩት በባሕር ነው። ግድግዳ መሥራት እንኳ አላስፈለጋቸውም። ሰማዩን መዝጋት ግን ረሱ።" ባሕር ግን ጋሽ ቡልቻ አይተው አያውቁም፤ ክንፉም አላየም። "ስንፈታ ሄደን እናያታለን" ተባብለው ነበር። ጋሽ ቡልቻ ከዚያ ቤት በእግራቸው አልወጡም። ክንፉ ኦክላንድ ቸርች ውስጥ ለዓመታት መጽሐፍ ቅዱስ ሲያስተምር ስለ ፍጥሞ ሲደርስ ድምፁ ይቀየራል። ቤቴል ከኋላ ወንበር ስልኳን የምትነካካ መስሎን ነበር፤ ለካ ትሰማለች።

እንግዲህ ሄድን። መርከቡ እንደ ከተማ ነው፤ መጥፋት ነው ሥራችን። ክንፉም መጦም ነው ሥራው። አስተናጋጁ "ልጨምርልዎት?" ይለዋል፣ "ኖ፣ ታንክ ዩ" ይላል፣ ሳህኑ ብድግ። የሚሄደውን ዓሣ በዓይኑ ሲሸኘው ማየት ያሳዝናል፤ ያስቃልም።

ክፉው ነገር የደረሰው ከፍጥሞ በፊት በነበረችው ደሴት ነው። ክንፉ ጉልበቱን ሰርጀሪ ካደረገ ወዲህ በከዘራ ነው የሚሄደው። ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ ቀረ፤ እሱን ስንጠብቅ አስጎብኚው አውቶቡስ ጥሎን ሄደ። ቤቴል "ኢትስ ኦኬ፣ ዳድ" ብላ ሳቀች። የምሯን ነው። እሱ ግን ያን ቀን ራቱን እየቆነጠረ ተወው፤ ማንም "ልጨምርልዎት?" ሳይለው።

በማግሥቱ ጠዋት ስንነሣ ፍጥሞ መስኮታችን ላይ ነበረች። ታች ወደቡ፣ ከላይ ቤቱ ሁሉ ነጭ፣ መሐሉ ቀጥ ያለ ዳገት። ወደቡ ለመርከባችን ስለማይበቃ ባሕሩ ላይ ቆምን፤ ሰው እየተጠራ በታናናሽ ጀልባ ይወርዳል። በድምፅ ማጉያው ነገሩን፦ ከቀትር በኋላ ወደ ደሴቲቱ የሚሄድ ጀልባ የለም፤ መርከቡም ማታ ይነሣል።

"ዳድ፣ ሬዲ?" አለች ቤቴል በራፉ ላይ ሆና።

"እናንተ ሂዱ" አለ ክንፉ። "እኔ ከዚሁ አያታለሁ። ትታያለች እኮ!"

"አር ዩ ሹር?"

"አዎ፣ አዎ። አላስቸግራችሁ። ሂዱ።"

ቤቴል ትንሽ ቆማ አየችው። ፊቷ ላይ ያለው ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ሆዷ ባባ። ግን "ኦኬ፣ ዳድ" ብላ ግንባሩን ሳመችና ወጣች።

እኔ በግኜ ነበር። በማን? በሁለቱም። "እንሂድ በል" ብዬ ብጎትተው አይነሣም፤ የጋበዘችው እሷ ናት። ለምኖ ማስነሣት የጋባዥ ሥራ ነው። ሚስት ስትለምን ጭቅጭቅ ይባላል።

ቤቴልን የተሠለፈው ሰው ጫፍ ላይ ደረስኩባት።

"አባትሽ እኮ መሄድ ይፈልጋል" አልኳት።

"ማም፣ ሂ ሴድ ኖ። ሁለቴ ጠየቅኩት።"

"ሁለቴ? ሁለቴማ ሻይም አያስጠጣ!"

አልሳቀችም። በእንግሊዝኛ አንድ ደቂቃ ሙሉ ተናገረች፦ ሽማግሌ ሰው እምቢ ካለ መነዝነዝ እንደማይገባ፣ ቃሉን ማክበር ፍቅር እንደሆነ፣ እሷም ሥራ ቦታዋ "ኖ" ስትል የሚያከብርላት ሰው ስንት ዓመት እንደ ፈለገች። እውነቷን ነው። ልቤ ተነካ፤ ያሳደግኳት ልጅ እንዲህ ታስባለች ብዬ ደስም አለኝ። ግን አባቷ አልጋ ላይ ተቀምጦ ሕልሙን በመስኮት እያየ ነው።

"ስሚኝ ቤቲዬ" አልኳት። "እዚህ አገር 'ኖ' በር ነው። ተዘጋ፣ ተዘጋ። የአባትሽ 'ኖ' መጋረጃ ነው። ማን ገልጦ እንደሚገባ ከውስጥ ሆኖ ይጠብቃል።"

"ካልሆነስ? የምሩን ከሆነስ?"

"የምሩን ከሆነ ተመልሰን እንሠለፋለን። እኛ ቤት እንግዳ አልበላም ሲል ምን እንል ነበር? ትንሽ ሆነሽ ትፈሪው የነበረው።"

ዓይኗ ከፈት አለ። ልጅ ሳለች "ማሚ ለምን ልሙት ትላለች?" ብላ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ያለቀሰችበት ቀን ትዝ እንዳላት አየሁ። ሠልፉን ለቅቃ ሄደች፤ ተከተልኳት።

በሩን ስንከፍት ክንፉ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሙሉ ልብስ፣ ክራቫት፣ የጫማው ክር ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ፣ ከዘራው ጉልበቶቹ መሐል። የትንሣኤ ቀን ብቻ የሚያደርጋት ባርኔጣም ራሱ ላይ ነበረች።

"ብርድ ብርድ ብሎኝ ነው" አለ።

ከት ብዬ ልስቅ ስል ቤቴል ፊቱ በርከክ አለች። እጁን ያዘች። በዚያ እንግሊዝኛ በለመደ አፏ፣ ቃሉን እንደ ትኩስ ነገር እየያዘች፦

"አባዬ… በሞቴ።"

"አባዬ" ካለችው ሃያ ዓመት ይሆናል። ክንፉ ዘወር ብሎ መስኮቱን አየ።

"ተይው ልጄ፤ ወደ ኋላ አስቀራችኋለሁ። ትናንትም…"

"አፈር ስሆን።"

"ኧረ ምን በወጣሽ!" ብሎ ብድግ አለ። ጉልበቱ የታመመ ሰው እንዲህ ሲነሣ አይቼ አላውቅም። "አፈር የሚሆን ጠላትሽ! ምን ትጠብቃላችሁ? ጀልባው ሊሄድ ነው እኮ!"

ወረድን። ከመርከቡ ጎን ሰፊ በር ተከፍቷል፤ ጀልባዋን ባሕሩ ከፍ ዝቅ ያደርጋታል። በመርከቡና በጀልባዋ መሐል አንድ እርምጃ ነው፤ ግን ሥሩ ውሃ ነው። ቤቴል ቀድማ ተሻገረች። ክንፉ ከዘራውን ይዞ ጫፉ ላይ ቆመ። ትከሻው የሰፋ አንድ መርከበኛ እጁን ዘረጋለት።

"ኒድ ኤ ሃንድ፣ ሰር?"

"ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ" አለ ክንፉ።

ልማድ ነው፤ ሳያስበው ነው የወጣው። መርከበኛውም እንደ ሕጋቸው እጁን ሰበሰበና ወደ እኔ ዞረ። ክንፉ አንድ እግሩን አንሥቶ ቀረ። ወደፊት አይል፣ ወደ ኋላ አይል። ጀልባዋ ዝቅ አለች፤ ከፍ አለች። እኔ "ጌታ ሆይ!" አልኩ።

"የስ!" ብላ ጮኸች ቤቴል ከጀልባዋ። "ሂ ሚንስ የስ!"

መርከበኛው አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየ። "የስ?" አለው። ክንፉ ራሱን ነቀነቀ። "የስ" አለ፤ ቀስ ብሎ "ፕሊስ"ን ጨመረበት። ሌላ መርከበኛ ተጨምሮ ለሁለት በብብቱ ይዘው እንደ ሙሽራ አሻገሩት። ሕይወቱን ሙሉ በመጀመሪያ ጥያቄ ወደ "እሺ" ይኸን ያህል ቀርቦ አያውቅም፤ እሱም በልጁ አፍ።

ከወደቡ ታክሲ ያዝን። መንገዱ እየተጠማዘዘ ዳገቱን ይወጣል፤ ባሕሩ አንዴ በቀኛችን፣ አንዴ በግራችን ይታያል። ሐዋርያው ራእዩን ያየበት ዋሻ ዳገቱ መሐል ላይ ነው፤ ወደ ታች በደረጃ ይወረዳል። ክንፉ በአንድ እጁ ከዘራውን፣ በሌላው ቤቴልን ይዞ ወረደ። በየደረጃው ታሳርፈዋለች። አልቸኮለችም። ውስጡ ጠባብ ነው፤ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆየ።

ስንወጣ ዝቅ ባለ የድንጋይ አጥር ላይ አስቀመጥነው። በሚያየው አቅጣጫ ሁሉ ባሕር ነው። ሰማዩም ክፍት ነው።

"ጋሽ ቡልቻ" አለ ጮክ ብሎ፣ አጠገቡ እንዳሉ ሁሉ። "አየሁልዎ።"

ከዚያ አለቀሰ። ያለቀሰው ደስ ብሎት ነው፤ ደግሞም አዝኖ ነው። እኔም አለቀስኩ። ቤቴል መሐላችን ገብታ ተቀመጠችና ራሷን ትከሻው ላይ ጣለች። እንዲህ ሆነን ብዙ ቆየን፤ ማንም ጥሎን የሚሄድ አውቶቡስ አልነበረም።

ልንነሣ ስንል ክንፉ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ቤቲዬ፣ ቤታችን ስንገባ… እሑድ ከቸርች በኋላ ሳን ሆዜ ብቅ እንበል እንዴ?"

"ዩ ዶንት ሃቭ ቱ፣ ዳድ" አለች፣ ዓይኗ ባሕሩ ላይ እንዳለ። "ሩቅ ነው። ትራፊኩ…"

ክንፉ ዝም አለ። የማውቀው ዝምታ ነው፤ ስልኩን ከዘጋ በኋላ የሚመጣው። አሁን "አትምጡ አለች" ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ከዘራውን አጥሩ ላይ አስደገፈ፣ ዞረ፣ ፊቷን በሁለት እጁ ያዘ።

"በሞቴ" አላት።

ለካ እሷም መጋረጃዋን ይዛ ስትጠብቅ ኖራለች፤ የራሳችን ልጅ፣ አጠገባችን፣ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ።

"አትሙትብኝ፣ አባዬ" አለች፣ በአማርኛ፣ ማንም ሳያስጠናት። "ኑ። ሁልጊዜ ኑ።"

እኔም እንደ ወጉ "ኧረ አናስቸግርሽም" ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ቶሎ ዘጋሁት።