የአንድ ሰው ስብሰባ

ባለቤታቸውን ከቀበሩ በኋላ አራሚው ቤቱ ሰፋባቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማተሚያ ቤት ውስጥ የሰው ጽሑፍ ሲያርሙ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ አሁን የራሳቸውን መጻፍ አማራቸው። ሌላ ከተማ የምትሠራው ልጃቸው ሚጣ ላፕቶፕ ገዝታ፣ የቢሮ ፕሮግራሙን ከነጓዝ ከነኮተቱ ጫነችላቸው።

"በዚህ ፊት ለፊት እየተያየን እናወራለን፣ አባዬ" ብላቸው ሄደች።

የመጀመሪያውን ሰሞን አወሩ። ከዚያ የሚጣ ሥራ በዛ፤ ጥሪውም እየሳሳ ሄደ።

በምስል የሚያወሩበት የስብሰባ ፕሮግራም ግን ላፕቶፑ በተከፈተ ቁጥር ሳይጠሩት ብቅ ይላል። "እስካሁን ከእርስዎ በቀር የገባ የለም" የሚል ጽሑፍ ይደቅንባቸዋል። መጀመሪያ ሳቁበት፤ የአንድ ሰው ስብሰባ የሚባል ነገር በእጃቸው ቢያልፍ በቀይ ይሰርዙት ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ጠዋት ላፕቶፑን መክፈት ራሱ ያስፈራቸው ጀመር።

አንድ ቀን በብብታቸው ይዘውት አንዲት ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ሄዱ። ጠባብ ሱቅ ውስጥ ብሎን በከንፈሯ ይዛ የምትሠራ ወጣት ናት።

"ከመጻፊያው በቀር ሌላው ከሥሩ ይነቀልልኝ፣ ልጄ። ሰው በሌለበት ቤት ኮተት በዛብኝ።"

ሠንጠረዡን፣ ኢሜይሉን፣ ስላይዱን አንድ በአንድ አጠፋች። ስብሰባው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

"ጋሼ፣ ይሄ ከሰው የሚያገናኝ ነው። እሱም ይጥፋ?"

"ይጥፋ።"

"የሚደውልልዎት የለም?"

"ነበረች" አሉና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

በማግስቱ ማንም ሳይረብሻቸው ስለ ባለቤታቸው አንድ ገጽ ጻፉ። ደስ አላቸው። የሚያነቡለት ሰው ግን አጡ።

ሰኞ ከሰዓት ስልካቸው ጮኸ። ሚጣ ናት።

"አባዬ፣ ደህና ነህ? ትናንት በላፕቶፑ ብደውል ብደውል አታነሳም። ስልክህም ዝግ ነበር። ነፍሴ ልትወጣ ደርሳ ነበር።"

"ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ነው። የላፕቶፑን ግን እኔ ነኝ ያስጠፋሁት።"

"ለምን?"



"በየጠዋቱ ማንም የለም እያለ ሲነግረኝ መረረኝ፣ ሚጣ። እኔም አውቀዋለሁ እኮ።"

ከወዲያ በኩል አፍንጫዋን ስትስብ ሰሙ።

ወደ ሱቁ ተመለሱ። "ያን ነገር መልሺልኝ" አሏት ጠጋኟን።

"ላፕቶፑ ሲበራ ፕሮግራሙ በራሱ እንዳይከፈት ብቻ ማድረግም ይቻል ነበር።"

"ታዲያ ያን ጊዜ ምነው ዝም አልሽ?"

"ፊትዎን አይቼ ፈራሁ፣ ጋሼ።"

ቅዳሜ ሚጣ በላፕቶፑ ደወለች። ምስሉ እየተቆራረጠ ግንባሯ ብቻ ይታያል። የጻፉትን አነበቡላት። የእናቷን ንግግር የጻፉበት ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርሱ አስቆመቻቸው።

"እማዬ እንዲህ አትልም ነበር።"

"ትል ነበር።"

"አትልም፣ አባዬ። ስትናደድ እንኳ አትልም።"

ሚጣ የእናቷን አነጋገር አስታወሰቻቸው፤ ተከራከሩ፤ ትንሽም ሳቁ። ወዲያው ከሥራ ቦታ ሰው ጠራት፤ "መጣሁ" ብላ ተነሣች። ቢጠብቁ ቢጠብቁ አልተመለሰችም። አራሚው ያችን ዓረፍተ ነገር ልጃቸው እንዳለችው አስተካከሏትና፣ እየመሸ ስለነበር ተነሥተው መብራት አበሩ።