ቀድሞ የሚነሳ ሲጠፋ

እማማ ሙሚና ከወደቁ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚያየው እግራቸውን ነው። ሱቃቸውን ተከራይቶ ጨርቅ የሚሸጠው ሱሌማን እንኳ ሊጠይቃቸው ብቅ ሲል አፉ «እንዴት አደሩ» ይላል፣ ዓይኑ ግን ወደ ታች ነው። ሰባ ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ አንዳች ስሞታ ተሸክሟቸው የኖረ እግር በአንድ ቀን ተጠርጣሪ ሆኖ ቀረ።

የወደቁት ባለፈው ክረምት ነው። ግቢያቸው ውስጥ፣ ቧንቧው ዘንድ ለሶላት ታጥበው ውዱእ ሊያደርጉ ሲሉ እርጥቡ ሲሚንቶ አዳለጣቸውና የግራ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። የከፋው ስብራቱ አልነበረም፤ የሚያነሳቸው ሰው እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ሙሉ እዚያው ተጋድመው ሰማይ ሰማዩን ሲያዩ ቆዩ። ልጃቸው ሙስጠፋ ከአዲስ አበባ በርሮ መጣና የታሰረ እጃቸውን ይዞ «ሁለተኛ ብትወድቂ ይዤሽ እሄዳለሁ። እምቢ አትዪኝም። ቃል ግቢልኝ» አላቸው። ገቡለት። ሕመም ላይ ያለ ሰው የማይገባው ምን ቃል አለ!

የሙስጠፋ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ሰንብተውበት ያውቁታል፤ ንጹሕ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ በመስኮቱ የሚታየው የሌላ ሰው መስኮት ነው። የእሳቸው ሕይወት ያለው ግን ጋምቤላ ነው። ከባለቤታቸው ከሐጂ ኢድሪስ ጋር ጥቂት ጣቃ ጨርቅ ይዘው ከወሎ የመጡት በወጣትነታቸው ነው፤ ሐጂ የተቀበሩትም እዚሁ ነው። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ከተማውን ሲያስተኛው፣ ባጃጆቹ ዝም ሲሉ፣ የማንጎው ጥላ በመስኮት ገብቶ ግድግዳው ላይ ሲዋኝ፣ ሐጂ ከጎናቸው የተቀመጡ ይመስላቸዋል። አራተኛ ፎቅ ድረስ ሐጂ አይወጡም።

ሙስጠፋ ከመሄዱ በፊት ስልክ ገዛላቸውና አረጋውያን እንዳይወድቁ በኢንተርኔት የአካል እንቅስቃሴ የሚያሠራ ፕሮግራም ውስጥ አስመዘገባቸው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ፍርዶስ የምትባል ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ከጅማ ሆና ስልኩ ላይ ትመጣለች። ከየከተማው የተሰባሰቡ አሥር ሽማግሌዎችና አሮጊቶችም በየትናንሽ ሳጥናቸው ብቅ ይላሉ፤ ግማሾቹ ግንባራቸው ብቻ ነው የሚታየው። ተረከዝ ያነሳሉ፣ በአንድ እግር ይቆማሉ፣ እጃቸውን ሳያስደግፉ ከወንበር ይነሳሉ። ከሁሉም በላይ ፍርዶስ የምታደክማቸው ከወለል መነሳት ላይ ነው፦ በጎን መዞር፣ በክርን መደገፍ፣ በጉልበትና በመዳፍ መሆን፣ ወንበር መያዝ፣ አንድ እግር ማስቀደም፣ ከዚያ ብድግ።

አጠገባቸው ሰው መኖር አለበት ስለተባለ ጎረቤታቸው ኛኩዎል ዓሣዋን በማለዳ ገበያ ሸጣ ስትመለስ መጥታ ደጃፉ ላይ ትቀመጣለች። ኛኩዎል አኙዋክ ናት፤ በአማርኛዋ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም። ሃያ ዓመት የቆዩ ጎረቤታሞች ናቸውና እማማ ሙሚናም ቅር ብሏቸው አያውቅም።

ታዲያ አንድ ነገር ነበር። ፍርዶስ ክንዷን ስታነሳ አሥሩም ያነሳሉ፤ የእማማ ሙሚና እጅ ግን ጭናቸው ላይ ነው። ልጅቷ አንስታ ስትጨርስ፣ ያኔ ቀስ ብለው ያነሳሉ። እሷ ስታወርድ እሳቸው ገና ሽቅብ ናቸው።

«የጋምቤላ ኔትዎርክ ዛሬም ዘገየብዎት፣ እማማ!» ትላለች ፍርዶስ እየሳቀች። እማማ ሙሚናም ፈገግ ብለው ያልፋሉ። በኔትዎርክ ያላሳበበ ማን አለ!

አንድ ቀን ግን ኛኩዎል አላስቻላትም።

«ኔትዎርክ አይደለም። እኔ አያለሁ። አንቺ ነሽ። ለምን ትጠብቂያታለሽ?»

«ኢማሙ ሳይጎነበስ የሚጎነበስ ሰው አለ እንዴ?»

«ይቺ ልጅ ኢማም ናት?»

«አይደለችም። ግን ፊቴ ቆማለች። እኔ ደግሞ ፊቴ የቆመ ሰው ቀድሜ አላውቅም።»

እውነታቸውን ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሶላት ላይ የተማሩት ይኸንኑ ነው፤ መሪው ሳይወርድ አይወረድም፣ ቀና ሳይል ቀና አይባልም። ልማዱ ቀስ በቀስ ከሶላት ወጥቶ ኑሯቸው ውስጥ ገባ። መንገድ ላይ ሐጂ ሁለት እርምጃ ይቀድማሉ፣ እሳቸው ይከተላሉ። ማዕድ ላይ ሐጂ ሳይቀምሱ እሳቸው አይቀምሱም። ሐጂ ሲሞቱ ቦታውን ሙስጠፋ ያዘ፤ ስልኩ ሲመጣ ደግሞ ፍርዶስ።

በሦስተኛው ወር ፍርዶስ «ዛሬ እኔ ቁጭ ብዬ አያችኋለሁ፤ በራሳችሁ ተነሱ» አለች። አሥሩም እየተንገዳገዱም ቢሆን ተነሱ። እማማ ሙሚና ወንበራቸው ላይ ሆነው ልጅቷ እስክትነሳ ጠበቁ። አልተነሳችም። እሳቸውም አልተነሱም። የፍርዶስ ፈገግታ ጠፋና ወረቀት ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። በማግስቱ ሙስጠፋ ደወለ።

«እማ፣ ፍርዶስ ብቻሽን ባትኖሪ ይሻላል ብላኛለች። አንድ ጊዜ ብቻ ብትወድቂ፣ ቃላችን ቃል ነው።»

ከዚያ ወዲያ እማማ ሙሚና በገዛ ቤታቸው ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው መሄድ ጀመሩ። ፈሩ። የፈሩት መውደቁን አልነበረም፤ መወሰዱን ነው።

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ኛኩዎል እህቷን ልትጠይቅ ፑኝዶ ከተማ በሄደችበት ቀን፣ ቀትር ላይ መብራት ጠፋ። ኔትዎርኩም ተከትሎት ሄደ። የጣሪያው ማራገቢያ እየዘገየ፣ እየዘገየ ቆመ። እማማ ሙሚና መስኮቱን ሊከፍቱ ብድግ ሲሉ የምንጣፉ ጫፍ እግራቸውን ያዘው።

አወዳደቃቸው ረጅም ነበር፤ መሬት እስኪደርሱ ለማሰብ ጊዜ አግኝተዋል። «በቃ፣ ተወሰድኩ» አሉ በልባቸው። ከዚያ ወለሉ መጣ።

የተሰበረ ነገር የለም። ዳሌያቸው ይጠዘጥዛል እንጂ ሁሉም ይንቀሳቀሳል። ሲሚንቶው ቀዝቀዝ ብሎ ደስ ይላል። የማንጎው ጥላ ከግድግዳው ወርዶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፣ እላያቸው ላይ ወጣ፤ ቤቱ ባሮ ወንዝ ሥር የገባ መሰላቸው፣ ድምፅ የሌለበት፣ አረንጓዴ፣ ቀስ ብሎ የሚወዛወዝ። ዓይናቸውን ጨፈን ሲያደርጉ ፍርዶስ አጠገባቸው ተጋድማለች።

«ተነሺ እንጂ፣ እንድከተልሽ» አሏት።

ፍርዶስ አልተነሳችም። ከእሷ ወዲያ ሙስጠፋ ተጋድሟል፣ በልጅነቱ፣ በትምህርት ቤት ዩኒፎርሙ። ከሙስጠፋ ወዲያ ሐጂ፣ ነጭ ጀለቢያቸውን እንደለበሱ። ከሐጂ ወዲያ አባታቸው። በሕይወታቸው ፊት ፊታቸው የሄደ ሰው ሁሉ እንደ ሶላት ሰልፍ ተደርድሮ ወለሉ ላይ ተኝቷል። አንድም የሚነሳ የለም።

«ሐጂ፣ እርስዎ እንኳ ይነሱ» ብለው ለመኑ።

ሐጂ ፊታቸውን አዞሩና በዚያ በሚያውቁት ስስ ፈገግታ አዩዋቸው። የሚጠብቁት ነገር እንዳለ ያስታውቃል። ሁሉም ወደ እሳቸው እያዩ ነው። ያኔ ገባቸው፤ የሚጠበቁት እሳቸው ናቸው።

ከመውደቁ ይልቅ ይኸ አስደነገጣቸው። ሰልፉ ውስጥ ከፊታቸው ማንም ሳይኖር መንቀሳቀስ እንዴት እንደሆነ አያውቁትም። ጥላው እየዋኘ፣ ሰዎቹም እየጠበቁ ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ «ቢስሚላህ» ብለው በጎናቸው ዞሩ። በክርናቸው ተደገፉ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና በመዳፍና በጉልበታቸው እየዳሁ ወንበሩ ጋ ደረሱ። ቀኝ እግራቸውን አስቀደሙ። ወንበሩ ተንቋቋ፣ ብድግ አሉ። ከኋላቸው የልብስ ኮሽታ ሰሙ፤ ብዙ ሰው አብሮ ሲነሳ የሚሰማው ዓይነት ነው። ዞረው አላዩም።

አመሻሽ ላይ መብራቱም ኔትዎርኩም ኛኩዎልም ተመለሱ። ኛኩዎል ነገሩን ስትሰማ ራሷን ያዘች።

«ለሙስጠፋ አትንገሪው! ማን አየ? ማንም አላየም። ዝም በይ!»

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። እማማ ሙሚና ዝም ማለት ፈልገው ነበር፤ ከልባቸው ፈልገው ነበር።

«ደህና ዋልሽ፣ እማ?»

«ወድቄ ነበር» አሉት።

ሙስጠፋ ረጅም ተነፈሰ። «ነገ አውሮፕላን ካለ እመጣለሁ። ልብስሽን ኛኩዎል ታሰናዳልሽ። ቃል ገብተሻል፣ እማ።» ከዚያ ድንገት እንደ መባነን ብሎ «ማን አነሳሽ?» አላቸው።

«ማንም።»

«እንዴት ማንም? ኛኩዎል አልነበረችም?»

«ፑኝዶ ነበረች። መብራት አልነበረም፣ ስልክ አልነበረም፣ ሰው አልነበረም። ራሴ ተነሳሁ፣ ሙስጠፋ። ማንንም ሳልጠብቅ።»

ኛኩዎል እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታያቸዋለች።

«ያቺ ቃል የገባችልህ ሴት» አሉ እማማ ሙሚና፣ «ሰው እስኪያነሳት የምትጠብቅ ነበረች። እሷን ከፈለግህ ና ውሰዳት። እኔ ግን አልሄድም።»

ፊታቸው ለቆመ ሰው በሰባ ሦስት ዓመታቸው «አልሄድም» ሲሉ የመጀመሪያቸው ነው። ድምፃቸው ለራሳቸውም እንግዳ ሆነባቸው።

«እሺ፣ እማ» አለ ሙስጠፋ። «ራስሽ ከተነሳሽ እዛው ኑሪ።»

እማማ ሙሚና ስልኩን ለኛኩዎል ሰጡና ቁጭ ብለው አለቀሱ።